ራጁን ማን ለክቶት ነው “አርጅቷል” የተባለው?

ሰሞኑን ድሬዳዋ ውስጥ አንድ የሆስፒታል ኃላፊ ስለቆመው የራጅ ማሽን ተጠየቁ። ማሽኑ አርጅቷል፣ አዲስ ተገዝቶ እስኪመጣ ኅብረተሰቡ ይታገስ አሉ። እግሩ የተሰበረ ሰው እንዴት አድርጎ ነው የሚታገሰው? ባጃጅ ተኮናትሮ የግል ክሊኒክ ይሄዳል፤ ከኪሱ ይከፍላል።

“አርጅቷል” የብልሽት ስም አይደለም። ሐኪም በሽተኛውን ሳይነካ “ሸምግለዋል፣ ይሂዱ” ቢል ዝም እንለዋለን?

ራጅ ሲበላሽ የት እንደታመመ ያሳያል። ባለሙያው የሚጫነው ቁልፍ ሁለት ደረጃ አለው። ግማሽ ድረስ ሲጫን ቲዩቡ (ጨረሩ የሚፈጠርበት ቱቦ) ውስጥ ያለው አኖድ የሚባል የብረት ዲስክ ይሽከረከራል፤ ፊላመንት የሚባለው ቀጭን ሽቦ ይግላል። እስከ መጨረሻው ሲጫን ጨረሩ ይለቀቃል። ገና በመጀመሪያው ደረጃ የመሽከርከር ድምፅ ከጠፋ፣ ችግሩ የሚፈለገው አኖዱን በሚያሽከረክረው ክፍልና በሚያዘው ቦርድ አካባቢ ነው። ድምፁ ኖሮ ጨረር ካልወጣ የራጅ ክፍሉ በር ስዊች ይታይ፤ ብዙ ማሽኖች በሩ ካልገጠመ ጨረር አይለቁም። ከዚያ የከፍተኛ ቮልቴጅ ኬብሉ ከነጫፉ ይፈተሽ። ጨረሩ ወጥቶ ምስሉ ከደበዘዘ ግን መጀመሪያ የሚለካው ወደ ማሽኑ የሚገባው የመብራት ኃይል ነው። ራጅ ለሰከንድ ክፋይ ብዙ ኃይል ይስባል። ማሽኑ ሥራ ፈትቶ ሲለካ 380 ቮልት የነበረው፣ ቁልፉ ሲጫን ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ የሚለካው ራጁ ሲነሳ ነው። አቦ፣ የድሬዳዋ መብራት እንዴት እንደሚዋዥቅ ፍሪጁ የተቃጠለበት ሁሉ ያውቃል!

ቲዩብ ያልቃል፣ አልክድም። ከሚገባው ኃይል 99 በመቶው ገደማ ሙቀት ሆኖ ስለሚቀር አኖዱ ይጎዳል። እሱም ቢሆን በልኬት ነው የሚታወቀው። ቲዩብ መቀየር ደግሞ ሙሉ ማሽን መግዛት አይደለም።

የባሰው ግን “ከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሆነ የሚነካው ባለሙያ የለም” መባሉ ነው። አደገኛነቱ እውነት ነው፤ ማንም ተነስቶ አይከፍተውም። ለዚህ ነው ባዮሜዲካል (የሕክምና መሣሪያ) ባለሙያ የሚሠለጥነው። ባቡር በ1895 ዓ.ም. የገባባት፣ ለሎኮሞቲቭ መለዋወጫ በራሷ ወርክሾፕ ስታበጅ የኖረች ከተማ ይህን መስማት አልነበረባትም። የበር ስዊች ለማየትስ የትኛው ከፍተኛ ቮልቴጅ ይነካል?

አዲሱ ማሽን ቢመጣም የሚገናኘው ከዚያው መስመር ጋር ነው። መስመሩ ታሞ ከሆነ አዲሱንም ይጨርሰዋል። የግዢው ወረቀት ከመፈረሙ በፊት የምርመራው ወረቀት ይውጣ፦ ማን ከፈተው፣ ማሽኑ ምን የብልሽት ኮድ ሰጠ፣ ራጅ ሲነሳ ስንት ቮልት ተገኘ?