ከፕሬዚዳንቱ ቤት የጠፋችው ኦና

ክርክሩ የተነሳው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ቡና ላይ ነው። አንዱ ወዳጃችን ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶቹን ማውንት ቨርነን፣ የጆርጅ ዋሽንግተንን ቤት፣ አስጎብኝቶ መመለሱ ነበር። እዚያ የሰማው ከዋሽንግተን ቤት የጠፋችው ባሪያ የኦና ጀጅ ታሪክ አልተዋጠለትም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

«ይቺ ልጅ እርሻ ላይ አልነበረችም እኮ» አለ። «የማርታ ዋሽንግተን የቅርብ አገልጋይ ናት። ያኔ ዋና ከተማ በነበረችው ፊላደልፊያ፣ ፕሬዚዳንቱ ቤት ትኖራለች። ጥሩ ትለብሳለች፣ ቲያትር ታያለች። ጠፍታ ምን አገኘች? ኒው ሃምፕሻየር ሄዳ ባሏንና ሴት ልጆቿን ቀብራ በድህነት ሞተች።»

ነርሷ ጓደኛችን ቶሎ አፈፍ አደረገችው። «ለምን እንደጠፋች አልነገሩህም? ማርታ ለልጅ ልጇ ልትሰጣት ነበራ! ግንቦት 1796 ጌቶቿ እራት ሲበሉ ወጥታ ሄደች። በስተርጅና አንድ ሰው ጠይቋት ነበር፣ ኑሮው ከብዷት አልጸጸታትም ወይ ብሎ። አይ፣ ነፃ ነኝ አለችው። አንተ ማን ነህና ታዝንላታለህ?»

ጋሼ የምንላቸው ሰው ገቡበት። «ዘመኑ ነው ልጄ፣ ሁሉም ያደርገው ነበር። ሰውየው ደግሞ በኑዛዜው ባሮቹን ነፃ አውጥቷል። ኦና የማርታ የመጀመሪያ ባል ውርስ ናት። ነፃ ላውጣት ቢልስ በምን ሥልጣኑ?»

«ሕግ ካሉማ ጋሼ» አለች ነርሷ፣ «ፊላደልፊያ ያለችበትን የፔንሲልቬንያን የ1780 ሕግ ይንገሩኛ! ከሌላ ስቴት መጥቶ ስድስት ወር የቆየ ባሪያ ነፃነቱን መጠየቅ ይችል ነበር። ዋሽንግተን ስድስት ወር ሳይሞላ ከስቴቱ ያስወጣቸውና ይመልሳቸዋል። በ1791 ለጸሐፊው ለቶቢያስ ሊር ባሮቹንም ሕዝቡንም በሚያታልል ሰበብ ይደረግ ብሎ ጽፏል።»

«ፖለቲከኛ ነዋ» አሉ ጋሼ እየሳቁ። ግን ከአቋማቸው ንቅንቅ አላሉም።

እኔ የጋሼን የውርስ ነገር አልንቀውም፤ እውነት ነው። ሆኖም ዋሽንግተን ራሱ ያቀረበው ምክንያት እሱ አይደለም። ኦና ኒው ሃምፕሻየር፣ ፖርትስማውዝ ከተማ ስትገኝ የጉምሩክ ሹሙ ጆሴፍ ዊፕል አነጋግሯታል። ዋሽንግተንና ማርታ ሲሞቱ ነፃ እንደምትወጣ ቃል ከተገባላት እንደምትመለስ ነገረችው። ዊፕልም በግድ መርከብ ላይ አላስወጣትም፤ እሱም የዚያው ዘመን ሰው ነበር። ዋሽንግተን ግን ድርድሩን እምቢ አለ። ያለመታመንን መሸለም ይሆናል፣ ከእሷ የተሻሉትንም ያስከፋል ሲል ጻፈ። ስለ ውርስ ሕግ አላነሳም። እሱን ያስቆጣው ያለ ፈቃድ መሄዷ ነው።

ኑዛዜውስ? ጁላይ 1799 ፈረመው፤ ይመሰገንበት። በሚቀጥለው ወር ኦገስት ግን ለማርታ የእህት ልጅ ለበርዌል ባሴት ስለ ኦና ጻፈለት፣ እንዲያስመልሳት። ባሴት ፖርትስማውዝ ሄዶ ያረፈው ሴናተር ጆን ላንግደን ቤት ነው፤ ወሬው ከዚያ ወጥቶ ኦና ዘንድ ደረሰና አመለጠች። ያኔ ባል አግብታ ልጅ ወልዳለች። ኒው ሃምፕሻየር የተወለደችው ሕፃንም በሕጉ የማርታ የመጀመሪያ ባል ውርስ ውስጥ ትቆጠር ነበር። ጋሼ ኑዛዜውን ሲጠቅሱ ይህንንም ደብዳቤ አብረው ይጥቀሱልን።