ስም ማውጣቱን ለመልአኩ እንተውለት

የወሎ ወገኖቼ፣ በተለይም በየቅሬው (በየእድሩ) የምትዳኙ፣ በየመማሪያ ክፍሉ የምታስተምሩና በየቤታችሁ ልጅ የምታሳድጉ ሁሉ፣ ዛሬ የምናገረው የሚጎረብጥ ነገር ነውና ታገሡኝ። መደባችንን ለእንግዳ ለቅቀን መሬት የምንተኛ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ድንኳን የሚያለቅስ ሕዝብ ነን እያልን እንኮራለን፤ ኩራታችንም ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን በዚያው ድንኳን ተቀምጠን፣ ቡናው በረካ ሳይደርስ፣ የቀረውን ሰው በአንዲት ቃል ፈርደን እንጨርሰዋለን።

ባለፈው ወር ሐይቅ አጠገብ ባለችው መንደራችን አንዲት ጎረቤታችን ከቀብር ቀረች፤ እንጀራም ውሃም አልላከችም። ከቀብር ተመልሰን ገና ሰሌኑ ላይ አረፍ እንዳልን አንዱ «ድሮም ኩሩ ናት» አለ። ሌላዋ «እጇ ገንዘብ ከነካ ወዲህ ሰው አታውቅም» ስትል ጨመረችበት፤ ሦስተኛው ደግሞ እናቷም እንዲሁ እንደነበሩ መሰከረ። ጀበናው ሳይነሣ የሴትዮዋ ጠባይ፣ የእናቷ ጠባይና ከቀብር በመቅረቷ ለቅሬው የምትከፍለው የቅጣት ገንዘብ ተወስኖ አለቀ። እሷ ግን በዚያች ሰዓት ትኩሳት የጣለውን ልጇን ታቅፋ ደሴ ሐኪም ቤት ደጃፍ ተራ ትጠብቅ ነበር። ይህን የሰማነው በአራተኛው ቀን ነው። እኔም ከተቀመጡት አንዱ ነበርሁ፤ ራሴን ነቀነቅሁ እንጂ አፌን አልከፈትሁም።

የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህን ዐይነቱን ፍርድ ያውቁታል። ሊ ሮስ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1977 መሠረታዊ የምክንያት አሰጣጥ ስሕተት ሲል የሰየመው፣ የሌላውን ሰው ሥራ ስናይ ያለበትን ሁኔታ ረስተን ምክንያቱን ሁሉ ከጠባዩ የመቅዳት ልማዳችንን ነው። ሁኔታ ምን ያህል እንደሚከብድ ለማወቅ፣ ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙትን ጥናት ማየት ይበቃል። በአሜሪካ ፕሪንስተን የነገረ መለኮት ትምህርት የሚማሩ 40 ወጣቶች ንግግር ለማድረግ ወደ ሌላ ሕንፃ ሲላኩ፣ መንገዳቸው ላይ አንድ ሰው ተጎሳቁሎ እያሳለ ወድቆ እንዲጠብቃቸው ተደረገ። ጊዜ አለህ ከተባሉት 63 በመቶው ቆመው ሊረዱት ሲሞክሩ፣ ዘግይተሃል ፍጠን ከተባሉት ግን የቆሙት 10 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከተማሪዎቹ ገሚሱ ሊናገሩ የሚሄዱት መንገድ ላይ የወደቀውን ሰው ስለረዳው፣ በወንጌል ምሳሌ ስለሚነገርለት ደጉ ሳምራዊ ነበር! ማን እንደሚቆምና ማን እንደሚያልፍ የለየው በዋናነት ጥድፊያው እንጂ የስብከቱ ርእስ አልነበረም። እኛ ብናያቸው ኖሮ ያለፉትን «ጨካኞች» ብለን ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ስም እናወጣላቸው ነበር።

ከሁሉ የሚከፋው በልጅ ላይ የምንለጥፈው ስም ነው፤ በዚህም ከማንም በፊት ተከሳሹ እኔ ነኝ። ባቲ ሳስተምር፣ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ ቤቱ ኦሮምኛ የሚነገርበት አንድ ልጅ ነበረኝ። ሰኞ ሰኞ አይመጣም፤ ማክሰኞ ሲመጣ ዐይኑን ከመሬት አይነቅልም። አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ አውጥቼ ከ100 ላይ 25 እንዲቀንስ አዘዝሁት። ከዜሮው ላይ መበደሩ ጠፋበትና 85 ብሎ ጻፈ። ጠመኔውን ከእጁ ተቀብዬ «ደነዝ፣ ተቀመጥ» አልሁት፤ ክፍሉም ሳቀ። ከዚያች ቀን ወዲያ በጓደኞቹ ዘንድ ስሙ ይኸው ሆነ። ከሳምንታት በኋላ ትምህርት ተዘግቶ በዋለበት ሰኞ ወደ ባቲ የሰኞ ገበያ ብወርድ፣ ከእናቱ ጎን የሎሚ ቁልል ፊት ተቀምጦ አገኘሁት። ሎሚው ሦስቱ በአምስት ብር ነው። አንድ የአፋር ሰው አሥራ አምስት መርጦ መቶ ብር ሲሰጠው፣ ልጁ ሎሚውን ሦስት ሦስት እያደረገ በጣቱ ገፋ ገፋ አደረገና ሰባ አምስት ብር ቆጥሮ በአፋርኛ እያነጋገረ መለሰለት። ወዲያው ለእናቱ በኦሮምኛ አንድ ነገር ነገራት፤ እኔን ባየ ጊዜም በአማርኛ «ጋሼ፣ ሎሚ ልስጥዎት?» አለኝ። ሰሌዳው ላይ የጠፋበት ስሌት እኮ ይኸው ነበር። በሦስት ቋንቋ የሚሸጠውን ልጅ ደነዝ ያልሁት እኔ የማውቀው አንድ ቋንቋ ብቻ ነው።

ይህ የባቲ ልጅ ብቻ ዕጣ እንዳልሆነ የተረዳሁት ቆይቼ ነው። በብራዚሏ ሬሲፌ ከተማ ጎዳና ላይ ይሸጡ የነበሩ አምስት ልጆች ተጠንተው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1985 ታትሟል። ልጆቹ በሚሸጡበት ቦታ እንደ ገዢ ሆኖ ለጠየቃቸው ሰው 98 በመቶውን ሒሳብ በትክክል ሲመልሱ፣ ተመሳሳዩ ስሌት በቁጥር ብቻ እንደ ትምህርት ቤት ፈተና ሲቀርብላቸው የመለሱት 37 በመቶውን ያህል ነው። አምስት ልጅ ጥቂት ነው የሚል ቢኖር አልከራከረውም፤ ሰኞ ባቲ ወርዶ ይቁጠር።

የማሰብ ችሎታ መለኪያ ራሱ ሲወለድ ልጅን ለመስደብ አልተወለደም። ፈረንሳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አልፍሬድ ቢኔ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር እ.ኤ.አ. በ1905 ፓሪስ ላይ መለኪያውን ሲያወጣ፣ ዓላማው በተለመደው ትምህርት ወደ ኋላ የሚቀሩትን ልጆች ለይቶ ለመርዳት ነበር። የልጅ አእምሮ ከተሰጠው መጠን አይጨምርም የሚሉትንም አጥብቆ ተቃውሟል። እሱ በሞተበት ዘመን ግን መለኪያው አሜሪካ ተሻግሮ በሥነ ልቦና ተመራማሪው በሄንሪ ጎዳርድ እጅ ሌላ ሥራ ላይ ዋለ፤ በኒው ዮርክ የስደተኞች መግቢያ በነበረችው ኤሊስ ደሴት ላይ ከመርከብ የወረዱ ድካም ያዛላቸው ስደተኞች በአስተርጓሚ እየተፈተኑ፣ ከተፈተኑት አብዛኞቹ አእምሮ ደካሞች ተባሉ። ቋንቋው ያልገባውን ሰው ደነዝ ማለት የባቲው መምህር ብቻ ፈጠራ አይደለም ማለት ነው። መለኪያው ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም፤ የትምህርት ውጤትን አስቀድሞ በመጠቆም ረገድ ዋጋ አለው፣ የዘርም ድርሻ አለበት። «ዘር ከልጓም ይስባል» ያሉት አባቶቻችን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። የተሳሳትነው እኛ ነን፤ ተረቱን ይዘን ልጓሙን ጣልን።

ስሙ ደግሞ ተለጥፎ ብቻ አይቀርም፤ ይሠራል። ሮበርት ሮዘንታልና ሌኖር ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ጥናት፣ በዕጣ የወጡ ልጆችን ስም ለመምህራን ሰጥተው «እነዚህ ዘንድሮ ይመጥቃሉ» አሏቸው፤ በዓመቱ መጨረሻ በታችኞቹ ክፍሎች ስማቸው የተጠራው ልጆች በማሰብ ችሎታ ፈተና ከሌሎቹ የበለጠ ጨምረው ተገኙ። በላይኛዎቹ ክፍሎች ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ጥናቱም ብዙ ተተችቷል። እኔን የሚያስፈራኝ ግን የታችኛው ክፍል ነው፤ እኛ «ፈዛዛ»ና «ገልቱ» የሚለውን የምንጀምረው እዚያው ነውና።

ስለ ስብዕናም አጭር ቃል ልጨምር። «አመል ያወጣል ከመሃል» እንላለን፤ አመል መኖሩ እውነት ነው፣ ግን በአንድ ሥራ አይታወቅም። ሃርትስሆርንና ሜይ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1928 ባወጡት ጥናት በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆችን በተለያየ ፈተና አይተው፣ እዚህ ያታለለው ልጅ እዚያ ታማኝ ሆኖ አገኙት። የሰው ጠባይ የሚነበበው ብዙ ቀን፣ በብዙ ቦታ፣ ሲከፋውም ሲደላውም ታይቶ ነው። ስንቶቻችን ነን ጎረቤታችንን በዚህ ልክ ያየነው?

እንግዲህ ከቀብር በቀረችው ጎረቤታችን ላይ በተፈረደ ቀን ለምን ዝም አልሁ? ሰለሞን አሽ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1951 ባወጣው ጥናት፣ የመሥመር ርዝመት በዐይናቸው እያዩ፣ አብረዋቸው የተቀመጡት ሁሉ ሆን ብለው የተሳሳተ መልስ ሲሰጡ ሰምተው ተፈታኞቹ ከሦስት አንድ ጊዜ ያህል ከስሕተቱ ጋር ተስማምተዋል። ከመካከል አንድ ሰው ብቻ እውነቱን ሲናገር ግን መስማማቱ እጅግ ቀነሰ። እናንተ የቅሬ ዳኞች፣ እናንተ ሽማግሌዎች፣ በየድንኳኑ ያ አንድ ሰው መሆን የእናንተ ፈንታ ነበር፤ ከእናንተ ቀድሞም የእኔ ነበር። በሴትዮዋ ላይ የተጣለው ቅጣት ገና አልተነሣም፤ በእሑዱ ስብሰባ ገንዘቡን ይዛ እንድትመጣ ተልኮባታል። ዱአው እንዳለቀ፣ ብሩን ማንም ከመቀበሉ በፊት እጄን አነሣለሁ፤ ልጅሽ እንዴት ነው ብዬም እጠይቃታለሁ።