ክብር ለጀግናው ሽቦ

የፊውዝን ፈሪነት በአደባባይ የተናገረ ሰው የለም። እኔ ልናገር። ፊውዝ ማለት ትንሽ ሲሞቀው ራሱን የሚያጠፋ ፍጥረት ነው። 10 አምፔር ቻል ብለህ ትቀጥረዋለህ፤ 20 ሲመጣበት በሰከንዶች ውስጥ ቆሽቱ አርሮ ብጥስ ይላል። ሰዉ ሁሉ ሙቀቱን ችሎ በሚኖርባት ድሬዳዋ እንዲህ ያለ ሞልቃቃ ምን ይሠራልናል?

ምስጋና ለሰርቪስና ለሚኒባስ ሾፌሮቻችን ይግባና ምትኩ ከተገኘ ቆይቷል። ሽቦ! ከአሮጌ ገመድ የተላጠ፣ ጠምዘዝ ተደርጎ የተሰካ የመዳብ ሽቦ። ሽቦ አይበጠስም፣ አያኮርፍም፣ ጠዋት ሠራተኛ አስረፍዶ አያሰድብም።

በቅርቡ ከሳቢያን ወደ መልካ ጀብዱ ሠራተኛ የምታመላልስ የአንዲት ሰርቪስ ጋቢና ገብቼ የፊውዝ ሳጥኗን በቅርብ ለማየት ታድያለሁ። ክዳን የላትም። (በዚህ ሙቀት ሳጥንም ይተንፍስ እንጂ!) ጥጓ ላይ የሾፌሩ የጥርስ መፋቂያ ተሰክቷል። ከሥር ሁለት የአንድ ብር ሳንቲሞች ጋደም ብለዋል። የፊት መብራቱ ቦታ ላይ ጀግናው ሽቦ ራሱ ገብቷል፤ ወዙ ጠቁሯል፣ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክም ወደ ቡናማ አድልቷል። የቴፑ ቦታ ላይ ከሲጋራ ፓኮ የወጣ ብልጭልጭ ወረቀት ተጠቅልሎ ተወትፏል። ክላክሱማ ከባትሪ በቀጥታ ነው። በክላክስ ቀልድ የለም።

የቀሩት እውነተኛ ፊውዞች ደግሞ ሁሉም አረንጓዴ ናቸው። የማታውቁ ካላችሁ፣ ቀዩ 10 አምፔር ነው፤ ሰማያዊው 15፣ ቢጫው 20፣ አረንጓዴው 30። ቀይ የነበረበትም ሰማያዊ የነበረበትም ቦታ 30ው ተተክሏል። አረንጓዴ አሻራ እስከ ፊውዝ ሳጥን ድረስ ዘልቋል ማለት ነው።

አንድ ነዝናዛ የመኪና ኤሌትሪሽያን አውቃለሁ። ይህን የመሰለ ሥራ ሲያይ ደሙ ይፈላል። «ፊውዝ የሚጠብቀው አምፖሉን ሳይሆን ገመዱን ነው» ይላል። ከዚያ ስሌቱን ይጀምራል። በ12 ቮልት መኪና ላይ ሁለት ባለ 55 ዋት አምፖሎች 9 አምፔር ገደማ ይስባሉ፤ ባለ 15ው ፊውዝ ይበቃቸዋል። ሾፌሩ «ደንገጎ ዳገት ላይ ጨለመብኝ» ብሎ ባለ 100 ዋት ሲያስገባ 17 ይደርሳል። ፊውዙ ቢበጠስ ልክ ነው እንጂ ምን አጠፋ? ብርቱ መብራት ያማረው ሰው ወፈር ያለ ገመድ ይዘርጋ፣ ሪሌ (በትንሽ አምፔር ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ያስገባ፣ ለብቻው ፊውዝ ከባትሪው አጠገብ ያድርግለት። በዚያው ገመድ ላይ ግን አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ነው። 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ ቀልጦ እስኪቆረጥ 80 አምፔር ገደማ ይፈልጋል። የመኪናዋ ገመድ ፕላስቲክ እስከዚያ አይጠብቅም፤ ቀድሞ ይቀልጣል፣ ቀድሞ ይነድዳል። እሳት ካየው ምን ለየው!

እንግዲህ ይህ ሁሉ ንዝንዝ ለአንድ ሽቦ ነው።

መድኃኒቱማ ከንዝንዙ ይብሳል። ፊውዝ ደጋግሞ ከተበጠሰ የሆነ ቦታ የተላጠ ገመድ ብረት ነክቶ ኮንታክት ፈጥሯል ማለት ነው፣ ፈልጉት ይላል። ብዙ ጊዜ ገመዱ ላሜራ በስቶ የሚያልፍበት ጎማ ወልቆ፣ ወይም የበሩ ገመድ ሲከፈትና ሲዘጋ ተልጦ፣ ወይም ወንበር ሥር ተጨፍልቆ ይገኛል። አንድ በአንድ እየነቀሉ መፈተሽ ነው። ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሾፌሩ ይህን ሲሰማ ምን እንዳለ ልንገራችሁ?

«ግማሽ ቀን? አቦ አታካብድ!»

እውነቱን ነው። ግማሽ ቀን ማለት ስንት ቢያጆ ነው? ከሰዓት እንዳይባል ደግሞ የበርጫ ሰዓት ነው። ሽቦ መጠምዘዝ ግን ሞተር ሳይጠፋ ያልቃል።

ይህች ከተማ እኮ የምድር ባቡር ጋራዥ ከተማ ናት። የጎደለውን ብረት ቆርጠው፣ አጋግለው፣ በልኩ ሠርተው ሎኮሞቲቭ የሚያስነሱ ባለሙያዎች የነበሩባት። ልጆቻቸው ይኸው ሙያውን አሳድገው ሲጋራ ወረቀት ላይ አድርሰውታል።

እኛ ተሳፋሪዎችም ከዚህ ክብር ድርሻ አለን። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሲሸት መስኮት እንከፍታለን። ባለፈው ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት «ልጄ፣ የሆነ ነገር ይሸታል» አሉ። ረዳቱ በድሬ ወግ «አንቺ» እያለ አጽናናቸው። «አብሽሪ እማማ፣ ከፊታችን ያለው መኪና ነው።» ከፊታችን መኪና አልነበረም። ማንም አልተከራከረም። እንዲያውም አንዱ ቴፑን ከፍ አድርጉልን አለ። ከፍ ተደረገ፤ የፊት መብራቱ ደግሞ በዚያው ልክ ደብዘዝ አለ። ሁለቱ ከአንድ ገመድ እንደሚጠጡ ያን ጊዜ ገባኝ።

የቦሎ ሰሞን ግን ሌላ ዓለም ነው። ሽቦው ዕረፍት ይወጣል። ፊውዞች በየቀለማቸው ይሰለፋሉ፣ የወላለቀው ገመድ ናስትሮ ይጠቀለልበታል፣ ፍሬቻው በሁለቱም በኩል ይበራል። ቀይ የእሳት ማጥፊያም ከሆነ ወዳጅ መኪና በውሰት ይመጣል። አንድ ማጥፊያ በአንድ ሳምንት ስንት መኪና እንደሚያስመረምር ብታዩ ለማጥፊያው ደመወዝ ይከፈለው ትላላችሁ። ሲያልቅ ሁሉም ወደየባለቤቱ ይመለሳል፣ ሽቦውም ወደ ሥራው።

የዚያን ዕለት ስወርድ ረዳቱን ጠየቅሁት፤ እንደው ሽታው ወደ ጭስ ቢለወጥ ማጥፊያው የት ነው?

«አብሽር» አለኝ፣ በሩን እየዘጋ። «ቦሎ ሲደርስ ይመጣል።»