«እኔን!» የማይባልበት ከተማ

አስራ አምስት ዓመት ጠፍቶ የመጣ ዘመድ፣ በድሬ ወግ፣ ሻንጣው መክበድ አለበት። የጌም ኩባንያው የኤሌክትሮኒክ አርትስ የስኬትቦርድ (የባለ ጎማዋ ጣውላ) ጌም፣ «ስኬት»፣ ግን ባዶ እጁን ነው የመጣው። «ስኬት 3» የወጣው በፈረንጆቹ 2010 ነበር። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። በ2020 «እመጣለሁ» ብሎ ላከ፤ በሴፕቴምበር 2025 ደረሰ። እሱም «ገና ተሠርቼ አላለቅኩም» እያለ። መግቢያው በነፃ ነው። ገብታችሁ ዞር ዞር ስትሉ ግን ደህና ደህናው ልብስ በገንዘብ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ስጦታ አለማምጣቱ ሳያንስ ጭራሽ «አልብሱኝ» አለ።

ያም ሆኖ ልጆቹ ይወዱታል። «ሪያል ነው» ይላሉ። ሌላ የስኬትቦርድ ጌም ላይ ቁልፍ ተጭናችሁ ጣሪያ ታልፋላችሁ። እዚህ የጆይስቲኩ የቀኝ አናሎግ (በአውራ ጣት የምትገፉት) እግራችሁ ነው። ወደ ታች ስባችሁ ወደ ላይ ስታስፈነጥሩት ቦርዱ ይዘላል፣ ካልቀናችሁም ትዘረራላችሁ። በ2009 የወጣው ሁለተኛው ክፍል ላይማ ጥበቃዎች ያባርሯችኋል። ይሄን ሳይ እኔም አመንኩ። ጥበቃ የማያባርርበት የሕንፃ ደረጃ የት አለ?

የኔ ጥል ከአወዳደቁ ጋር ነው። በድሮዎቹ ክፍሎች አጥንት በሰበራችሁ ቁጥር ነጥብ ይቆጠርላችኋል። ልጁ እጁ ተጠማዞ፣ አንገቱ ዞሮ ይወድቃል። ከዚያ ብድግ ብሎ ይሄዳል። በቃ። ይሄ ነው ሪያል?

እስቲ ከዚራ ላይ አንድ ልጅ ከቦርድ ይውደቅ። መንገዱ ይመቻል፤ ከባቡሩ ጋር የመጣ ሰፈር ስለሆነ ቀጥ ያለ ነው፣ ዛፍም አለው። ልጁ መሬት ሳይነካ «እኔን! እኔን ይድፋኝ!» ይባላል። ባዩ ባጃጁን መሀል መንገድ አቁሞ ይወርዳል፤ ተሳፋሪዎቹም ይከተላሉ። አንዷ ጃንጥላ ትይዝለታለች፤ በሰባት ሰዓት ድሬ አስፋልት ላይ የወደቀ ልጅ ከስብራቱ ይልቅ ቃጠሎው ነው የሚያስለቅሰው። ቀጥሎ ምርመራው ይመጣል። «የት አመመህ?» የሚለው ኋላ ነው። መጀመሪያ «የማን ልጅ ነህ?» ነው።

ከዚያ የወጌሻ ክርክር። አንዱ ሳቢያን ያለውን ያወድሳል። ሌላው «አቦ ተው፣ እሱ የአጎቴን ልጅ እጅ አጣሞ ነው የሰደደው» ይላል። ሦስተኛው ሐረር ድረስ ይወስደዋል። ቀስ ብሎ «ራጅ ቢነሳስ?» ያለ የተማረ ሰው ካለ በዓይን ይመቱታል። ከሰዓት በየበርጫው ወሬው ተመርቅኖ ያድራል፤ ከቦርድ የወደቀው ልጅ ከደቻቱ ድልድይ የተወረወረ ይሆናል።

አዲሱ ጌም ላይ ሳን ቫንስተርዳም በምትባል ከተማ እስከ 150 ተጫዋች አንድ ላይ ይገባል። መቶ ሃምሳ ሰው! ከዚህ ሁሉ «እኔን» የሚል አንድ የለም። ጭራሽ በላያችሁ ዘለው ያልፋሉ። ድሬ ላይ 150 ሰው ባለበት ወድቃችሁ በራሳችሁ እግር ልትነሱ አትችሉም። ባትፈልጉም ያነሷችኋል፤ ኪሳችሁንም አራግፈው፣ ሱሪያችሁን ማን እንደሚሰፋው ተነጋግረው ነው የሚለቋችሁ።

ጌሙ ያለ ኢንተርኔት አይሠራም። ይሄ ደግሞ ፕሌይስቴሽን ቤቶች ውስጥ አዲስ ጣጣ አመጣ። እናት በር ላይ ትቆማለች።

«አንተ! ምሳህ ቀዘቀዘ፣ ና ውጣ!»

«ቆይ እማዬ፣ ኦንላይን ነው፣ ሰው አለበት። አይቆምም።»

«አይቆምም?»

«አይቆምም።»

እናትየው ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ባለቤቱ ዞረች።

«ወንድሜ፣ ቆጣሪው በየት በኩል ነው?»