ታካሚው ቤቱ ከገባ በኋላስ?

እዚህ አሜሪካ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ነኝ። አገር ቤት ካሉ ባልደረቦቼ ጋር ስንደዋወል ስለ መሣሪያው ይጠይቁኛል። ስለ ኤምአርአይ፣ በሮቦት ስለሚሠራ ቀዶ ጥገና። እኔ ግን ብነግራቸው የምወደው ሌላ ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 ሜዲኬር፣ ማለትም የአረጋውያኑ የመንግሥት ጤና መድን፣ አንድ ደንብ ሥራ ላይ አዋለ። እንደ ልብ ድካም ባሉ ሕመሞች ታክመው የወጡ ሰዎች በ30 ቀን ውስጥ ከሚጠበቀው በላይ ተመልሰው ከተኙ፣ ሆስፒታሉ ክፍያ ይቀነስበታል። የነርስ ሥራም አብሮ ተለወጠ። አሁን አንዲት እናት ከመውጣታቸው በፊት መድኃኒታቸውን እንዴት እንደሚወስዱ ራሳቸው መልሰው ያስረዱናል። ጠዋት ጠዋት ይመዘኑ፣ ኪሎዎ በድንገት ከጨመረ ይደውሉልን እንላለን። ቤታቸው ከገቡም በኋላ ደውለን እንጠይቃለን። ለውጡን ቀድመው ያዩ ነርሶች ይህን አሠራር በመንደፉ ተሳተፉ። ሌሎቹ ተነድፎ ጠበቃቸው።

አገር ቤት ሐኪሙ ጎበዝ ነው። በትንሽ ነገር ብዙ ሰው ያድናል። ግን የግፊት መድኃኒት የታዘዘላቸው አባት “ተሽሎኛል” ብለው ሲያቆሙ የሚጠይቃቸው የለም። ተመልሰው የሚመጡት ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ካለ በኋላ ነው። ሐኪሙን አልወቅስም። ደመወዙ የቤት ኪራይ እንኳ በቅጡ አይሸፍንም። የአገር ቤት የጤና ባለሙያዎችን በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሥራ እስከ ማቆም ያደረሳቸውም ይኸው ነው፤ ጥያቄያቸው መመለስ አለበት።

ለውጡ ግን ጥያቄያቸው እስኪመለስ አይጠብቅም። በዚያው ዓመት የአሜሪካ እርዳታ ሲቆም፣ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ ብዙ የጤና ባለሙያዎች ውላቸው ተቋርጧል። በሌላ በኩል ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን እየሰፋ ነው። ከፋዩ ሲለወጥ ጥያቄውም ይለወጣል። በርካሽ ኪኒን ሊቀር ይችል ለነበረ ስትሮክ ለምን ይህን ያህል ይከፈላል መባሉ አይቀርም።

ለዚህ መልስ የሚሆን መሠረት ደግሞ አለን። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ቤት ለቤት ይሄዳሉ። አሜሪካኖቹ በስልክ የሚፈልጉትን ሰው እነሱ በሩን ያውቁታል። ሆስፒታሉ ከተኝቶ መታከም የወጡትን ስም፣ ቀበሌና መድኃኒት ለእነሱ ቢልክ፣ እነሱም ያቆመውን ሰው መልሰው ቢያሳውቁ፣ ለጅምር ደብተርና ስልክ ይበቃል። በአንድ ክፍል፣ በግፊት ታካሚዎች ብቻ መጀመር ይቻላል። የመድኑ የክፍያ ደንብ በሚረቀቅበት ስብሰባ ላይ ያንን ደብተር የያዙ ሐኪሞችና ነርሶች ቢቀመጡ እመኛለሁ።