ለመኝታ ቤታችን በር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር የመኝታ ቤት በር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሲጥጥታን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? የማጠፊያዎ ሕመም እንደጠናብዎ ቤተሰቡ በሙሉ በየማታው ይሰማል።

የ5 ወር ልጃችን እንዴት እንደምትተኛ ከእርስዎ የተሰወረ አይደለም። በየማታው በተመሳሳይ ሰዓት መብራቱ ይደበዝዛል። ገላዋን ትታጠባለች፣ ትጠባለች፣ እሹሩሩ ይባልላታል። ቅደም ተከተሉ አይዛነፍም። ሰዓት ማንበብ ባትችልም ከውሃው ቀጥሎ ጡት፣ ከጡቱ ቀጥሎ እንቅልፍ እንደሆነ ለምዳዋለች። ዓይኗ ክድን ክድን ሲል፣ ጨርሳ ሳትተኛ፣ በጀርባዋ እናስተኛታለን። በራሷ ማሸለብ እንድትለምድ ነው። እዚህ ለመድረስ 2 ሳምንት ፈጅቶብናል።

ከዚያ እኔ ትንፋሼን ውጬ፣ በእግር ጣቴ እየሄድኩ ወደ እርስዎ እመጣለሁ።

ሲጥጥጥ!

የመጀመሪያው እንቅልፍ ስስ መሆኑን እያወቁ! ብታለቅስ እኮ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን ዓይኗን በልጥጣ ትስቅልኛለች። ጨዋታ ጀመርን ማለት ነው። እንደገና እሹሩሩ።

በዚህ ዕድሜ ያለ ሕፃን የቀኑን ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ12 እስከ 16 ሰዓት እንዲተኛ ሐኪሞች ይመክራሉ። ክቡርነትዎ ስንቱን እንደሚፈቅዱልን በጽሑፍ ቢያሳውቁን።

አንድ ነገር ግን ይገርመኛል። ቀን ቀን በጥድፊያ ስከፍትዎ ድምፅዎ የለም። ማታ በአክብሮት፣ ቀስ ብዬ ስገፋዎ ነው የሚጮሁት። ነገሩ የፍትጊያ ጉዳይ ነው ይላሉ፤ ቀስ ሲባል ብረቱ ከብረት ጋር ያዝ ለቀቅ እያለ ይንጫጫል። ይበሉ። እኔ ተንኮል ነው ባይ ነኝ።

ባለቤቴ «ጠብታ ዘይት አድርግበት» ካለችኝ 3 ሳምንት ሆኗታል። እሱ ግን ከዚህ ጉዳይ ጋር ስለማይገናኝ አላነሳውም።

ከሰላምታ ጋር
አባት
(አልጋው ሥር ተንበርክኮ የጻፈው)

ግልባጭ፦
– ለወለሉ 3ኛ ጣውላ (የአንተም ተራ ይመጣል)
– ለዘይት ቆርቆሮው (የት ነው ያለኸው?)