የዲግሪ ታማኞች

ባቋሙ እንዲህ የሚጸና ሰው ማየት ደስ ይላል። የድረ ገጽ ፕሮግራም የሚጻፍበት የጃቫስክሪፕት ቋንቋ ሳይን፣ ኮሳይንና ታንጀንት ማዕዘን የሚቀበሉት በዲግሪ ሳይሆን በራዲያን ነው (180 ዲግሪ ፓይ ራዲያን ይሆናል)፤ መመሪያውም ይህንኑ አፍ አውጥቶ ይናገራል። ከዲግሪ ንቅንቅ የማይለው ፕሮግራመር ጀግናችን ግን መመሪያ የሚያነብ ፈሪ አይደለም። ሳይን ውስጥ 90 ያስገባል፣ 1 ሲጠብቅ 0.894 ይወጣለታል። «ከ1 ምን ያህል ራቀና!» ብሎ ያልፈዋል። ሆደ ሰፊነት ይሉሃል ይሄ ነው። 30 አስገብቶ ግማሽ ሲጠብቅ ኔጌቲቭ 0.988 ቢመጣበትስ? ጥፋቱ የሳይን ነው እንጂ የሱ አይሆንም።

ጥበቡ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ሰዓት ሲሥል ነው። 12ቱን ቁጥሮች በየ30 ዲግሪው በክብ ሊደረድር ይነሳል፤ ቁጥሮቹ ጅብ እንደገባበት መንጋ ይበታተናሉ። ሰነፍ ሰው ቢሆን ማዕዘኑን በፓይ አባዝቶ ለ180 አካፍሎ በአንድ መስመር ይገላገል ነበር። እሱ እንዲህ ያለ አቋራጭ አይወድም። ሳይኑን በኮሳይን ይለውጣል። ፊቱ ላይ የመቀነስ ምልክት ይለጥፋል። 90 ይደምራል፣ 90 ይቀንሳል። ሌሊቱ ሲጋመስ ከሌላ ሰው ኮድ 0.01745 የምትባል ቁጥር አምጥቶ ያባዛበታል፤ ቁጥሮቹም ሰልፍ ይይዛሉ። ቁጥሯ ፓይ ለ180 ተካፍላ የተገኘች ናት፤ ያን ሁሉ ሌሊት የሸሻት ራዲያን በጓሮ በር ገባች ማለት ነው። እሱ ግን ትውልዷን አይጠይቅም። ከላይዋ «እንዳትነኩት፣ ይሠራል» ብሎ ጽፎ ይተኛል።

(ስክሪን ላይ ዋይ፣ ማለትም የቁመቱ መለኪያ፣ ወደ ታች እንደሚያድግ፣ ዜሮ ዲግሪም ከ12 ሰዓት ቁጥር ሳይሆን ከ3 እንደሚነሳ ማን ይንገረው? እንቅልፉን አንረብሽ።)

ደግሞ ለጥራት ያለው ቅናት! የፓይን ሳይን ያሰላና ዜሮ ሲጠብቅ 0.00000000000000012 ያገኛል። ፓይ ኮምፒውተር ውስጥ ተቆርጣ እንደምትቀመጥ መጠርጠር የሱ ሥራ አይደለም፤ 0.894ን በ1 ሒሳብ የተቀበለው ሰው እዚህ ላይ «ቋንቋው የማይረባ ነው» ብሎ ይፈርዳል።

አንዳንዶች ሊታደጉት ሞክረዋል። ፒኤችፒ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ዲግሪን ወደ ራዲያን የሚለውጥ የራሱ ፋንክሽን አለው፤ አልጠራውም። የድረ ገጽን መልክ የሚወስነው ሲኤስኤስም ሳይንና ኮሳይን አግኝቶ፣ ከ2023 ወዲህ በዋና ዋናዎቹ ብሮውዘሮች ሁሉ ይሠራል፤ ከቁጥሩ ጎን መለኪያው ከተጻፈለት ዲግሪን በቀጥታ ይቀበላል። ጀግናችን ይህን ሲሰማ ተደስቶ ባዶ 90 ጻፈለት። ባዶ ቁጥር ደግሞ እዚያም የሚታሰበው በራዲያን ነው።